ያለ ፊሽካ መዳኘት፦ ቦልና ስትራይክ በድምፅ እንዴት ይጠራል?

እግር ኳስ እያየን ላደግን ሰዎች ዳኛ ማለት ፊሽካ ነው። ፊሽካው ሲነፋ ሁሉም ይቆማል። ቤዝቦል ላይ ግን ፊሽካ የለም። ከመቺው ጀርባ ጎንበስ ብሎ የቆመው ዳኛ ያለው ድምፁና እጁ ብቻ ነው። በአንድ ጨዋታ ከመቶ ጊዜ በላይ "ቦል" ወይም "ስትራይክ" ይላል። እሱ ካልተሰማ ሜዳው ላይ ያለው ልጅ ምን እንደተፈጠረ አያውቅም።

ይህን የምጽፈው በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ ልጆቻቸው ቤዝቦል ለጀመሩ ወላጆች ነው። የልጆች ሊጎች ብዙ ጊዜ የሚዳኙት በበጎ ፈቃደኛ ወላጆች ነው። እኔም የጀመርኩት እንደዚያ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዳኛ ቀረ፣ ማስኩን አጠለቁልኝ። ሕጉን በደንብ አንብቤ ነበር። ኳሱንም አይቼዋለሁ። ግን በሦስተኛው ተራ (ኢኒንግ) አንዲት ልጅ አራተኛ ቦሏን አግኝታ፣ በነፃ መሄድ ሲገባት፣ ዱላዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። አልሰማችኝም። ወርዋሪው ልጅ ሌላ ኳስ ወረወረ፣ እሷም መታችው፣ ሁሉም መሮጥ ጀመረ። ጨዋታውን አቁሜ ሁሉንም ወደ ነበሩበት መመለስ ነበረብኝ። ልጅቷ ጥሩ መትታ ስለነበር አለቀሰች። ጥፋቱ የእኔ ድምፅ ነበር።

በብዙዎቻችን ቤት ድምፅን ዝቅ ማድረግ ጨዋነት ነው። ታላቅ ፊት አይጮህም። ሰው መሃል አይጮህም። ስለዚህ ለእኛ ከሕጉ ይልቅ የሚከብደው ድምፁ ነው። ይህ መመሪያም በአብዛኛው ስለ ድምፁ ነው።

ምኑን ነው የምንጠራው?

ወርዋሪው፣ ማለትም ፒቸሩ፣ ኳሱን ይወረውራል። መቺው ዱላውን ካላወዛወዘ ዳኛው አንድ ጥያቄ ይመልሳል፦ ኳሱ በስትራይክ ዞን፣ ማለትም መቺው ሊመታው በሚገባው ክልል፣ አልፏል ወይስ አላለፈም? ካለፈ ስትራይክ ነው። ካላለፈ ቦል ነው። ሦስት ስትራይክ መቺውን ያስወጣል። አራት ቦል ደግሞ በነፃ ወደ አንደኛው ቤዝ፣ ማለትም ሯጭ ወደሚያርፍበት የመጀመሪያ ቦታ፣ ይወስደዋል።

ቃላቱ ራሳቸው ለጀማሪ ያደናግራሉ። "ስትራይክ" መምታት ማለት ነው፤ ግን ላልመታ ሰው ይጠራል። "ቦል" ኳስ ማለት ነው፤ ግን የሚጠራው ለመጥፎ ውርወራ ነው። ነገሩ የሚገባው ከታሪኩ ሲነሱ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ጥንት መቺው የሚስማማውን ኳስ እስኪያገኝ ዝም ብሎ ሊቆም ይችል ነበር። ጨዋታው አላልቅ አለ። በ1858 ዳኛው ጥሩ ኳስ እያለፈው ዝም በሚል መቺ ላይ ስትራይክ እንዲጠራ ሥልጣን ተሰጠው። "ይህን መምታት ነበረብህ" እንደማለት ነው። በ1860ዎቹ ደግሞ ሆን ብሎ የማይመታ ኳስ በሚወረውረው ላይ ቦል መጥራት ተጀመረ። በ1879 መቺው በነፃ ወደ ቤዝ የሚሄደው ከዘጠኝ ቦል በኋላ ነበር። ቁጥሩ እየቀነሰ መጥቶ በ1889 አራት ላይ ቆመ፤ ዛሬም አራት ነው። ሁለቱም ጥሪዎች ከመነሻቸው ጨዋታው እንዳይጓተት የተፈጠሩ ናቸው። ዳኛው ድምፁን ሲያጠፋ ጨዋታው ወደዚያ ወደ ድሮው ይመለሳል።

ዞኑን በቃል ያዙት። ስፋቱ የሆም ፕሌት፣ ማለትም መቺው አጠገቡ የሚቆምበት መሬት ላይ ያለው ነጭ ሰሌዳ፣ ስፋት ነው፤ ማለትም 17 ኢንች፣ ወደ 43 ሴንቲ ሜትር። ከፍታው እንደ ሊጉ ይለያያል። በትልቁ ሊግ፣ ማለትም በአሜሪካ ዋና የቤዝቦል ሊግ፣ ላይኛው ወሰን በትከሻና በሱሪው ወገብ መካከል ያለው እኩሌታ ነው። ታችኛው ከጉልበት ሎሚ ሥር ነው። በሊትል ሊግ፣ ማለትም በልጆቹ ሊግ፣ ደግሞ ከብብት እስከ ጉልበት አናት ይቆጠራል። ኳሱ ሙሉ በሙሉ ውስጥ መግባት የለበትም። ጠርዙን ከነካ ስትራይክ ነው። ኳሱ ራሱ ወደ ሦስት ኢንች ስለሚሰፋ፣ ዞኑ ዓይናችሁ ከሚገምተው ይሰፋል። አዲስ ዳኞች ዞኑን ያጠባሉ፤ እኔም አጠብ ነበር። ከልጆች ጋር ዞኑ ከጠበበ ቦል በቦል ይሆናል። ማንም አይመታም፣ ማንም አይሮጥም።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ልጆች ዞኑን ለማሳነስ ቁጢጥ ይላሉ። ዞኑ የሚለካው ልጁ ኳስ ሲመታ በሚቆምበት በተለመደው አቋሙ ነው።

አንደኛ፦ ቦታችሁን ያዙ

ድምፅ ከዓይን ነው የሚጀምረው። እርግጠኛ ያልሆነ ዓይን የሚያወጣው ድምፅ ይንቀጠቀጣል።

የምትቆሙት ከካቸሩ፣ ማለትም ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ ኳሱን ከሚይዘው ልጅ፣ ጀርባ ነው፤ ግን ልክ ከኋላው አይደለም። ትንሽ ወደ መቺው በኩል ጠጋ ትላላችሁ። በካቸሩ ራስና በመቺው መካከል ባለው ክፍተት ታያላችሁ። አገጫችሁ ከካቸሩ ራስ አናት በታች አይውረድ። ዝቅ ካላችሁ ዝቅተኛውን ኳስ በትክክል አታዩም። እግራችሁን ከፈት አድርጋችሁ ተረጋግታችሁ ቁሙ። ወርዋሪው እጁን ሲያነሳ ጎንበስ በሉና ጭንቅላታችሁን አታንቀሳቅሱ። ኳሱን ከእጁ እስከ ካቸሩ ጓንት በዓይናችሁ ብቻ ተከተሉት።

በግራ እጃችሁ ትንሿን መቁጠሪያ፣ ኢንዲኬተሯን፣ ያዙ። ቀኝ እጃችሁ ለስትራይክ ነፃ ይሁን።

ሁለተኛ፦ "ፕሌይ!" በሉ

ጨዋታው የሚጀምረው በእናንተ አንድ ቃል ነው። ካቸሩ፣ መቺውና ወርዋሪው ቦታቸውን ሲይዙ በቀኝ እጃችሁ ወደ ወርዋሪው አመልክታችሁ "ፕሌይ!" በሉ። ያን ቃል ጮክ ብላችሁ ካላችሁት ቀጣዩ ሁሉ ይቀላል። ጉሮሯችሁ ተከፍቷል፣ ሜዳው ሰምቷችኋል። ጨዋታው በቆመ ቁጥርም የሚቀጥለው በዚሁ ቃል ነው። ማቆሚያው "ታይም!" ነው፤ ሁለት እጅ ወደ ላይ ይነሳል።

ሦስተኛ፦ ዝም በሉ

ይህ ከሁሉም የሚከብደው ነው። ኳሱ ጓንት ውስጥ ገባ። አሁን አትናገሩ። ጓንቱ "ጧ" ሲል ስሙ፣ ኳሱ ያለፈበትን መንገድ በልባችሁ መልሳችሁ እዩ፣ ከዚያ ወስኑ። ከዚያ ብቻ ተናገሩ።

ይህ ሁሉ አንድ ሰከንድ አይሞላም። ግን ያቺ ትንሽ ዝምታ ጥሩን ዳኛ ከችኩሉ የምትለይ ናት። ችኩል ዳኛ ኳሱ ገና በአየር ላይ እያለ አፉ ይከፈታል። በመጨረሻዋ ቅጽበት ኳሱ ሲወርድ "ስትራ..." ብሎ ጀምሯል። መመለስ አይችልም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ? እዚህ ሜዳ ላይ እውነትነቱን በየደቂቃው ታያላችሁ።

ከ1905 እስከ 1941 ከትልቁ ሊግ ሁለት ክፍሎች በአንዱ፣ በናሽናል ሊግ፣ የዳኘው ቢል ክለም "እኔ እስክጠራው ድረስ ምንም አይደለም" ብሏል ይባላል። ብዙ ሰው አባባሉን የሥልጣን ኩራት አድርጎ ይወስደዋል። እኔ ግን ስለ ጊዜ የተነገረ ምክር አድርጌ ነው የያዝኩት። እስክትጠሩት ድረስ ጊዜው የእናንተ ነው። የሚያጣድፋችሁ የለም።

ግን አታብዙትም። ሁለት ሰከንድ ከቆያችሁ ወላጆቹ ያመነታችሁ ይመስላቸዋል። ዋናው ነገር እርዝማኔው ሁልጊዜ እኩል መሆኑ ነው። መሃል ለመሃል ለገባውም፣ ጠርዝ ለነካውም እኩል ጠብቁ። ለቀላሉ ፈጥናችሁ ለከባዱ ከዘገያችሁ፣ በዘገያችሁ ቁጥር ክርክር ይነሳል።

አራተኛ፦ ቦል ሲሆን

ቦልን የምትጠሩት እንደ ጎነበሳችሁ ነው። አትነሱም፣ እጃችሁንም አታነሱም። "ቦል" ብቻ። ከዚያ ቀና ትላላችሁ።

ድምፁ ምን ያህል ይሁን? መቺው፣ ካቸሩና ወርዋሪው በግልጽ ይስሙት። ሁለቱም የተጫዋቾች መቀመጫዎች ጋ ቢደርስ ደስ ይላል። ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ወርዋሪው የዘጠኝ ዓመት ልጅ መሆኑን አትርሱ። ስድስት ጊዜ ተከታትሎ "ቦል!!" ተብሎ የተጮኸበት ልጅ እንደተቆጣችሁት ነው የሚሰማው። ትከሻው ሲወርድ ታዩታላችሁ። ጥርት ያለ ድምፅ በቂ ነው።

ብዙ ጀማሪዎች ደግሞ ቦልን ጭራሽ ይውጡታል። "ስትራይክ ካላልኩ ቦል መሆኑ ይገባቸዋል" ይላሉ። አይገባቸውም። ዝምታ ፍርድ አይደለም። ሁሉም ዞር ብሎ ያያችኋል፣ አሠልጣኙ "ብሉ፣ ምን ነበር?" ይላል። አሜሪካ ውስጥ የቤዝቦል ዳኛ "ብሉ" ነው የሚባለው፤ ስሙ የመጣው ከሰማያዊው ልብስ ነው። ይህን ጥያቄ በአንድ ጨዋታ ሁለት ጊዜ ከሰማችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ።

"ወጣ"፣ "ዝቅ አለ" እያላችሁ ምክንያት አትጨምሩ። ምክንያት ስትሰጡ ለክርክር በር ትከፍታላችሁ። ካቸሩ በጨዋ አንደበት ቀስ ብሎ "የት ነበር?" ካለ፣ እናንተም ሳትዞሩ ቀስ ብላችሁ መልሱለት። እሱ ደግሞ ለወርዋሪው ያደርስላችኋል፤ ጥሩ ካቸር የዳኛ ግማሽ ረዳት ነው።

አራተኛውን ቦል እኔ ከቁጥሩ ጋር እጠራዋለሁ፦ "ቦል ፎር።" የመጀመሪያ ቀኔ ያቺ ልጅ ያስተማረችኝ ነው። ወደ አንደኛው ቤዝ በእጅ ማመልከት ግን አያስፈልግም። ልጁ ራሱ ዱላውን ጥሎ ይሂድ።

አምስተኛ፦ ስትራይክ ሲሆን

እዚህ ድምፅና እጅ ይገናኛሉ። እንደ ጎነበሳችሁ "ስትራይክ!" በሉ፤ ከዚያ ቀና እያላችሁ ቀኝ እጃችሁን ከፊታችሁ በሩን እንደሚያንኳኳ ሰው አንድ ጊዜ ምቱ። አንዳንዶች ድምፁንና እጁን አንድ ላይ ያወጣሉ። ሁለቱም ይሠራል። እኔ ድምፁን የማስቀድመው ሰውነቴ ሲነሳ ድምፄም ስለሚነሳብኝ ነው፤ ጎንበስ ብዬ ስናገር ከሆዴ ይወጣል።

ከሆድ መናገር ማለት ይህ ነው። ኳሱ ሲመጣ ትንሽ አየር ሳቡ። ስትጠሩ ሆዳችሁን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጉ። ጉሮሯችሁ አይጨናነቅ። በጉሮሮ የሚጮህ ሰው በአራተኛው ተራ ድምፁ ይዘጋል። የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ወይም የመስጊድ ሙአዚን የሚያደርጉትን አስታውሱ፤ ጮክ ይላሉ እንጂ አይጮሁም።

ስለ አነጋገራችን ደግሞ ደጋግሞ ይጠየቃል። ብዙዎቻችን "እስትራይክ" እንላለን፤ አማርኛ ሁለት ተነባቢ ይዞ ቃል መጀመር አይወድም። አትጨነቁበት። በእንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱ ዳኞችም ቃሉን እየጎተቱና እየቆረጡ የየራሳቸው አድርገውታል። አንዳንዱ "ሃይይክ!" ነው የሚለው። ቃሉ ከ"ቦል" መለየቱ ነው ቁም ነገሩ። ቦል አጭርና ክብ ድምፅ ነው። ስትራይክ ረጅምና ስል ነው። "ራይ" የምትለዋን ሳቡ፣ "ክ"ን ቁረጧት። አጥር ጋ የቆመ ልጅ ቃሉን ባይሰማ እንኳ ቅርፁን ይለየዋል።

እጁስ ለምን አስፈለገ? እዚሁ ከተማችን ያለ ታሪክ ልንገራችሁ። ዊልያም ሆይ የሚባል መስማት የተሳነው ተጫዋች ነበር። በ1888 ለዋሽንግተን ቡድን ተሰልፎ ወደ ትልቁ ሊግ ገባ፣ እስከ 1902ም ተጫወተ። የዳኞች የእጅ ምልክት በእሱ ምክንያት ተጀመረ የሚል ወሬ በሰፊው ይነገራል። የታሪክ ሰዎች በዚህ አይስማሙም። የሚታወቀው የራሱ ቡድን ሰው ሦስተኛው ቤዝ አጠገብ ሆኖ ቦሉንና ስትራይኩን በእጅ ያሳየው እንደነበር ነው። ዲሲ ውስጥ የሚገኘው ጋሎዴት ዩኒቨርሲቲ የቤዝቦል ሜዳውን በስሙ ሰይሞታል። ዛሬም የማይሰማ ልጅ ሜዳችሁ ላይ ሊኖር ይችላል። እንግሊዝኛ ገና ያልገባት አያትም አጥር ሥር ትኖራለች። እጃችሁን ጥርት አድርጋችሁ አሳዩ።

ሦስተኛውን ስትራይክ ጠንከር አድርጋችሁ ጥሩት፦ "ስትራይክ ስሪ!" ቴሌቪዥን ላይ ዳኞች በዚህ ጊዜ ተጠማዘው፣ ቀስት እንደሚስብ ሰው ሆነው፣ እጃቸውን ሲወረውሩ ታያላችሁ። ለአዋቂዎች ውብ ነው። ኤሜት አሽፎርድ በ1966 ሚያዝያ ላይ እዚሁ ዋሽንግተን ውስጥ የትልቁ ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ሆኖ ሲጀምር፣ በድምፁና በእንቅስቃሴው ተመልካች የሚስብ ሰው ነበር። እወደዋለሁ። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ዱላ የያዘ ልጅ ፊት እንዲህ አላደርግም። ልጁ ወጥቷል፤ ያን ለመንገር ጥርት ያለ ጥሪና ምልክት ይበቃል።

ስድስተኛ፦ ድምፅ የማይወጣባቸው ጊዜያት

መቺው አወዛውዞ ኳሱን ከሳተ ስትራይክ ነው። እጃችሁን አሳዩ፣ ድምፅ ግን አታውጡ። ዱላው ሲወዛወዝ ሁሉም አይቷል። ድምፃችሁ "እኔ ወሰንኩ" ማለት ነው፤ እዚህ የሚወሰን ነገር የለም። ይህን ልዩነት ከጠበቃችሁ ሌላም ጥቅም አለው። ዞር ብሎ የነበረ አሠልጣኝ ድምፅ ከሰማ "ልጁ አልሞከረም" ብሎ ያውቃል።

ኳሱ ዱላውን ጭሮ በቀጥታ ካቸሩ ጓንት ውስጥ ከገባ ፋውል ቲፕ ይባላል። የግራ እጃችሁን ጀርባ በቀኝ እጃችሁ ጠረግ አድርጉና የስትራይክ ምልክት ስጡ። ድምፅ የለም። "ፋውል" (ኳሱ ከመስመሩ ውጭ ወጣ) የሚል ድምፅ ካወጣችሁ ሯጮች ጨዋታው የቆመ መስሏቸው ይቆማሉ፤ ፋውል ቲፕ ላይ ደግሞ ጨዋታው አይቆምም።

ኳሱ ከመስመሩ ውጭ ከወጣ ሁለት እጃችሁን አንሱና "ፋውል!" በሉ፣ ጮክ ብላችሁ። ውስጥ ከሆነ ግን ወደ ሜዳው ብቻ አመልክቱ። "ፌር" የሚለውን ቃል ከአፋችሁ አታውጡት። "ፌር" እና "ፋውል" በጩኸት መሃል ይመሳሰላሉ። አንድ ሯጭ አሳስቶ ከሰማ ቤዙን ያጣል።

ሰባተኛ፦ ግማሽ ውዝወዛ

መቺው ዱላውን ማወዛወዝ ጀምሮ መሃል ላይ ገታው። ኳሱ ከዞኑ ውጭ ነው። አወዛውዟል ወይስ አላወዛወዘም? ቼክ ስዊንግ የሚሉት ይህንን ነው።

አወዛውዟል ካላችሁ ወደ መቺው አመልክታችሁ "ዬስ፣ ሂ ዌንት!" በሉና የስትራይክ ምልክት ስጡ። እዚህ ድምፅ አለ፤ ምክንያቱም ፍርድ አለ። አላወዛወዘም ካላችሁ "ቦል፣ ኖ፣ ሂ ዲድንት ጎ" በሉ። "ቦል" መቅደም አለበት። ይግባኝ የሚጠየቀው ቦል የተባለው ላይ ብቻ ነውና።

ካቸሩ ወይም አሠልጣኙ ይግባኝ ካለ፣ ቤዝ ላይ ያለውን ዳኛ በግራ እጃችሁ አመልክታችሁ "ዲድ ሂ ጎ?" ብላችሁ ጠይቁት። አዎ ከሆነ ጡጫውን ያነሳል፣ አይደለም ከሆነ ሁለት እጁን ይዘረጋል። የእሱን ቃል ተቀበሉ። ፊታችሁ ላይ ቅሬታ አይታይ። ለሴት ልጆች "ሂ" የሚለው "ሺ" መሆኑን አትርሱ፤ በጥድፊያ ይሳሳታል፣ ልጆቹም ያስተውላሉ።

ብቻችሁን ከሆናችሁ ይግባኝ የሚባልለት ሰው የለም። የእናንተ ጥሪ የመጨረሻው ነው።

ስምንተኛ፦ ሦስተኛው ስትራይክ ሲወድቅ

ትልልቆቹ ልጆች ጋ ስትደርሱ የሚመጣ ነው። ሦስተኛው ስትራይክ ሆነ፣ ካቸሩ ግን ኳሱን ጣለው። አንደኛው ቤዝ ባዶ ከሆነ፣ ወይም ሁለት ሰው ከወጣ በኋላ ከሆነ፣ መቺው ወደ ቤዝ መሮጥ ይችላል። ስትራይኩን በምልክት አሳዩ፣ ቀጥላችሁ እጃችሁን ዘርግታችሁ "ኖ ካች!" በሉ። "አውት" ካላችሁ ግን ልጁ መሮጡን ትቶ ወደ መቀመጫው ይሄዳል። አንደኛው ቤዝ ተይዞ የወጡት ከሁለት ካነሱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ "ባተርስ አውት!" ብላችሁ ደጋግማችሁ ጩኹ፤ አለበለዚያ ሁሉም በከንቱ ይሮጣል። ከዚህ መመሪያ አንድ ክፍል ብቻ ደግማችሁ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

ዘጠነኛ፦ ቆጠራውን ንገሩ

ቦል ይቀድማል፣ ስትራይክ ይከተላል። ሁልጊዜ። "ቱ ቦልስ፣ ዋን ስትራይክ።" በግራ እጅ ጣቶች ቦሉን፣ በቀኝ እጅ ስትራይኩን፣ ከራሳችሁ በላይ ከፍ አድርጋችሁ አሳዩ። ሁለት ለአንድ ሲሆን ቁጥሮቹን አያይዛችሁ "ሃያ አንድ" እንደሚባለው አትበሉት። ሦስት ለሁለት ሲሆን አንዳንዶች ሁለት ጡጫ ያነሳሉ። እኔ ጣቶቼን ነው የማሳየው፤ ጡጫ ምን ማለት እንደሆነ የስምንት ዓመት ልጅ አያውቅም።

ከእያንዳንዱ ኳስ በኋላ መናገር ያሰለቻል። ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ኳስ ጀምሮ፣ ከፋውል በኋላ፣ እንዲሁም ጨዋታው ለአፍታ ቆሞ ሲቀጥል በሉት። ስትናገሩ ኢንዲኬተሩን አፍጥጣችሁ አትዩ። ቀድማችሁ አይታችሁ ቀና ብላችሁ ተናገሩ። ከተሳሳታችሁ ወዲያው አርሙት። የቁጥር ስሕተትን ማረም አያሳፍርም፤ ፍርድን መቀየር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የቦልና የስትራይክ ፍርድ በአጥር ጩኸት አይቀየርም፤ የጮኸው የገዛ ጓደኛችሁ ቢሆንም።

ትልቁ ሊግ ላይ አሁን ይህ በከፊል ተለውጧል። ከ2026 የውድድር ዘመን ጀምሮ መቺው፣ ወርዋሪው ወይም ካቸሩ ጭንቅላቱን መታ መታ አድርጎ የዳኛውን ጥሪ በካሜራ ማስመርመር ይችላል። እያንዳንዱ ቡድን በሁለት ዕድል ይጀምራል፣ ትክክል ከሆነ ዕድሉ አይቀነስበትም። በደቡብ ኮሪያ ሊግ ደግሞ ከ2024 ጀምሮ ሁሉንም ኳስ ማሽን ነው የሚለየው፤ ዳኛው በጆሮው የተነገረውን ይጠራል። የገረመኝ ይህ ነው፦ ማሽኑ ሁሉንም እያወቀ እንኳ የሚጠራው ሰው ነው። የሰው ድምፅ ቀርቶ ደወል ይደወል አላሉም።

የቤት ልምምድ

መጀመሪያ ብቻችሁን ጀምሩ። መኪና ውስጥ መስኮት ዘግታችሁ ሃያ ጊዜ "ቦል"፣ ሃያ ጊዜ "ስትራይክ" በሉ። ያሳፍራል፤ በሦስተኛው ቀን ማሳፈሩ ይቀራል። ከዚያ መስታወት ፊት ጎንበስ ብላችሁ ከምልክቱ ጋር አድርጉት። ቀጥሎ ልጆች ሲለማመዱ ከካቸሩ ጀርባ ቁሙና ሳትጠሩ ኳሱን ብቻ ተከተሉ፤ ጓንቱ ሲመታ በልባችሁ "አንድ" ብላችሁ ቆጥራችሁ ወስኑ። በመጨረሻ ድምፅ ጨምሩበት።

እኔን የጠቀመኝ ፈተና ይህ ነው። አንድ ልጅ በሜዳው መጨረሻ፣ አጥሩ ጋ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ይቁም። እናንተ ከሆም ፕሌት ኋላ ቦልና ስትራይክ እያደባለቃችሁ ሃያ ጊዜ ጥሩ። ቦል ሲሰማ ግራ እጁን፣ ስትራይክ ሲሰማ ቀኝ እጁን ያንሳ። የመጀመሪያ ቀን ልጄ ከሃያው ስምንቱን ብቻ ለየች። ለቀሩት ዞር እያለች "አባዬ፣ አልሰማሁም" ትለኝ ነበር። በየምሽቱ ከእራት በፊት ወጣን። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ፊቷን ወደ አጥሩ አድርጋ፣ አንድ ጊዜም ሳትዞር፣ ሃያውንም አነሳች።